ለስላሳ እጥበት ለከረመ የቆዳ ሕመም፤ ተሞክሮ ምን ተገኘ?

በዛሬው የጤና ዓምዳችን ስለ አንድ ቀላል ስለሚመስል ነገር እንነጋገራለን። ስለ መታጠብ።

በጂዛን፣ በሰብያ፣ በአቡ ዓሪሽ፣ በሳምጣ፣ እንዲሁም ከጂዛን ወደብ በመርከብ አንድ ሰዓት ያህል በሚወስደው በፋራሳን ደሴት በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች፣ ቀኑን ሙሉ እጃችሁ ከውሃ አይወጣም። ሳህኑ ሲያልቅ ወለሉ፣ ወለሉ ሲያልቅ መጸዳጃ ቤቱ ይከተላል። ክሎሮክሱና ፈሳሽ ሳሙናው ከእጃችሁ አይለዩም። ማታ መኝታችሁ ላይ ሆናችሁ እጃችሁን ስታዩት ቆዳው ደርቋል፣ ጣቶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት የእግር እብጠት አለ። ማዳም አይታ እንዳትመልሰኝ ብላችሁ በካልሲ የምትሸፍኑት ነው። ሌሎቻችሁም ጎጃም ወይም ወላይታ ያሉ እናታችሁ በስልክ «እግሬ ተነሣብኝ፣ ከአልጋ ወደቅሁ» ሲሏችሁ፣ ገንዘብ ከመላክ በቀር የምታደርጉት ጠፍቶባችሁ ታለቅሳላችሁ።

እንዲህ ያለ ሕመም ሲከርም ብዙዎቻችን የምንሄደው ወደሚያቃጥለው ነገር ነው። በፈላ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ጨው መነስነስ፣ ሎሚ ማሸት፣ ይባስ ብሎም ክሎሮክሱን ራሱን ቁስል ላይ ማፍሰስ የተለመደ ነው። «ካላቃጠለ አያድንም» የሚል አስተሳሰብ አለን። ይሁን እንጂ በገዛ አገራችን በኢትዮጵያ ሐኪሞች ጉዳዩን በሥርዓት ሞክረውት ነበር። ያገኙት ውጤት ከዚህ ተቃራኒ ነው። የሚያሻሽለው ለስላሳው፣ ርካሹና በየቀኑ ሳይሰለቹ የሚደረገው እጥበት ነው። ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለመሆኑ «ተሞከረ» ሲባል ምን ማለት ነው?

አንዲት እህት እጇን በሆነ ነገር ታጥባ ተሻላት እንበል። ለጓደኛዋ ትነግራታለች፣ ጓደኛዋም ለሌላዋ። ነገር ግን በዚያው ሰሞን ማዳሟ የሳሙናውን ዓይነት ቀይራ ሊሆን ይችላል። ወይም የልጆቹ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰቡ ወደ ዘመድ ሄዶ ሥራው ቀሎላት ይሆናል። ወይም ሕመሙ በራሱ ጊዜ የሚመጣና የሚሄድ ነው። ታዲያ ያዳናት የትኛው ነው? አይታወቅም።

ለዚህ ነው ሐኪሞች አንድን ሕክምና ለመፈተሽ በሽተኞችን በዕጣ በሁለት የሚከፍሉት። አንደኛው ወገን አዲሱን ሕክምና ያገኛል። ሁለተኛው ወገን የተለመደውን ያገኛል፣ ወይም ተራውን ይጠብቃል። ዕጣው ለማንም አያደላም፤ ጠና ያለበትንም ቀለል ያለበትንም ለሁለቱም ወገን ያካፍላል። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ሁኔታ በእኩል መለኪያ ይለካል። ልዩነት ከታየ ምክንያቱ ሕክምናው ነው ለማለት ይቻላል።

ዝሆኔ ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ በዚህ መንገድ እጥበት የተሞከረበት ሕመም በተለምዶ ዝሆኔ የምንለው የእግር እብጠት ነው። ዝሆኔ ከአንድ በላይ መነሻ አለው። በቆላማ አካባቢ በትንኝ የሚተላለፍ ዓይነት አለ። በደጋውና በወይና ደጋው ገበሬ ላይ የሚታየው ግን ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ የሚሉት ነው። ይህ ዓይነቱ ከትንኝም ከትልም አይመጣም። እሳተ ገሞራ ከተወው ቀይ አፈር ላይ ለብዙ ዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣ ነው። የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በእግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ሥሮች ያስቆጣል፤ ፈሳሹ መውጫ ሲያጣ እግር ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ ይሰነጠቃል። ይህንን በኢትዮጵያ ሲያጠና የኖረውና ለበሽታው ስሙን የሰጠው ኧርነስት ፕራይስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበር።

ታዲያ በአንድ መንደር ሁሉም በባዶ እግሩ ሲሄድ ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን ይተዋል? ፋሲል ተኮላ የተባሉት ኢትዮጵያዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በ2012 ባወጡት ጥናት፣ ከወላጅ የሚወረስ ተጋላጭነት እንዳለ አሳይተዋል። በመሆኑም በአንድ ቤተሰብ ደጋግሞ ይታያል። ሰዎች «የዘር እርግማን» የሚሉት ይህንን አይተው ነው። እርግማን ግን አይደለም። ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። የምታሳድጉት የማዳም ልጅ ከእናንተ እግር ሊይዘው አይችልም። በኢትዮጵያ ይህ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ወደ 1.5 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። ስለዚህ የምትደብቂው እህት ሆይ፣ ብቻሽን አይደለሽም።

የዚህ ሕመም ትልቁ ስቃይ እብጠቱ ብቻ አይደለም። በተሰነጠቀው ቆዳ ተዋስያን ይገቡና እግሩ ድንገት ይቆጣል፤ ይግላል፣ ይቀላል፣ ብሽሽት ያብጣል፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይላል። ሰውየው ለቀናት ከአልጋ ይውላል። ገበሬ ከሆነ እርሻው ይቀራል፤ እናት ከሆነች ቤቱ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የሕክምናው ዓላማ ይህ ቁጣ ደጋግሞ እንዳይመጣ ማድረግ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም የተደረገው ሙከራ

በደቡብ ኢትዮጵያ ቀደም ሲል በጥቂት በሽተኞች ላይ የተደረገና በ2010 የታተመ ጥናት፣ እግርን በሳሙና መታጠብ፣ መቀባትና ጫማ ማድረግ ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳይቶ ነበር። ነገር ግን የሚነጻጸር ሁለተኛ ወገን አልነበረውም። «ምናልባት ወቅቱ ይሆን ያሻላቸው?» የሚል ጥያቄ ሳይመለስ ቀረ።

ይህን ለመመለስ በምሥራቅ ጎጃም ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ሄኖክ ንጉሤ፣ ጌይል ዴቪና ሌሎች ተመራማሪዎች ያካሄዱት ሲሆን፣ ውጤቱ በ2018 ላንሴት ግሎባል ሄልዝ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታትሟል። 696 በሽተኞች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። የመጀመሪያው ወገን ወዲያውኑ እግርን የመታጠብና ቆዳን የመንከባከብ ትምህርት፣ ማሰሪያ ጨርቅ፣ ካልሲና ጫማ አገኘ፤ የእግር እንቅስቃሴም ተማረ። ሁለተኛው ወገን ያንኑ ሕክምና ከአንድ ዓመት በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ማንም ተጥሎ አልቀረም። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ሁሉም እግራቸው የተቆጣበትን ጊዜ እየመዘገቡ ቆዩ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተራውን በሚጠብቀው ወገን አንድ ሰው በዓመት በአማካይ 23.9 ጊዜ እግሩ ይቆጣ ነበር። በታጠበው ወገን ደግሞ 19.4 ጊዜ ሆነ። ይህም ማለት ከአምስቱ አንዱ ያህል ቀረ ማለት ነው።

ይህ ትንሽ ይመስላችሁ ይሆናል። እውነት ነው፣ ፈውስ አይደለም። እግሩ እንደ ልጅ እግር አልሆነም። ነገር ግን በዓመት አራት ጊዜ ያህል ከአልጋ ከመውደቅ መትረፍ ለገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የገበሬ ልጆች ናችሁና ታውቁታላችሁ። ይህም የተገኘው በመርፌ ወይም ውድ በሆነ ክኒን አይደለም። በሳሙና፣ በውሃ፣ በቅባት፣ በማሰሪያ ጨርቅ፣ በካልሲና በጫማ ነው።

ግሊሰሪን በውሃ ውስጥ

ሁለተኛው ሙከራ ከመጀመሪያው ጠበብ ያለ ጥያቄ የያዘ ነው። በደቡብ ኢትዮጵያ የነበረው የተለመደ ሕክምና እግርን በ6 ሊትር ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ ነበር። ውሃ ከሩቅ በጀርባ ለሚቀዳበት ቤት 6 ሊትር ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎቹ «ውሃውን ወደ 1 ሊትር ቀንሰን 2 በመቶ ግሊሰሪን ብንጨምርበትስ?» ብለው ጠየቁ። 2 በመቶ ማለት በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ ያህል ይሆናል። 193 በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ለ3 ወራት ተከታተሉ። የቆዳቸው ጤንነት በመሣሪያ ተለካ፤ መሣሪያው በቆዳ በኩል ምን ያህል እርጥበት እንደሚያመልጥና ቆዳው ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ የሚያሳይ ነው። ውጤቱ በ2017 ታተመ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሁለቱም ወገን ተሻላቸው። ሁለተኛው ወገን ባይኖር ኖሮ መሻሻሉን ሁሉ ለግሊሰሪን ብቻ በሰጠነው ነበር። ለካ መታጠቡና መቀባቱ ራሱ ብዙውን ሠርቷል። ነገር ግን ግሊሰሪን የተጨመረለት ወገን የበለጠ ተሻለው፤ ያውም በስድስት እጅ ባነሰ ውሃ።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አገር ቤት ቁርበት ስናለፋ ቅቤ የምናጠጣው እንዳይደርቅና እንዳይሰነጠቅ ነው። የሰው ቆዳም እንዲሁ የራሱ ቅባት አለው። ያ ቅባት ውስጡ ያለው እርጥበት እንዳይወጣ፣ ውጪ ያለው ቆሻሻም እንዳይገባ ይጠብቃል። ፈሳሽ ሳሙና፣ ክሎሮክስና የፈላ ውሃ ይህን ቅባት አጥበው ይወስዱታል። ግሊሰሪን እርጥበትን ስቦ ቆዳው ውስጥ ያቆያል። ቫዝሊን ደግሞ ከላይ ሆኖ እንዳያመልጥ ይከድናል። ሥራቸው ይኸው ነው።

በሌላው ዓለምስ?

እዚህ በሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች ከዝሆኔ ይልቅ የሚያስቸግራችሁ ችፌ ነው፤ በዓረብኛም ኢክዚማ ይሉታል። ስለ ችፌና ስለ እጥበት በእንግሊዝ አገር የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች ትምህርት አላቸው።

የመጀመሪያው ችፌ ባለባቸው 482 ሕፃናት ላይ የተደረገና በ2018 የታተመ ነው። የግማሾቹ ወላጆች በመታጠቢያ ውሃ ውስጥ የሚጨመር ዘይትነት ያለው መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሌሎቹ አልተሰጣቸውም። ሁሉም ከታጠቡ በኋላ የሚቀባውን ቅባት ቀጠሉ። ውጤቱ ሲታይ ውሃ ውስጥ የሚጨመረው ዘይት ይህ ነው የሚባል ተጨማሪ ጥቅም አልሰጠም። እንግዲህ ደመወዛችሁን «ለችፌ መታጠቢያ» እየተባለ በሚያምር ጠርሙስ በሚሸጥ ዘይት ላይ ከመጨረስ፣ ከታጠቡ በኋላ የሚቀባውን ተራ ቅባት መግዛቱ ይሻላል።

አንባቢ «የግሊሰሪኑ ሠርቶ የዘይቱ ለምን አልሠራም?» ሊል ይችላል። ሕመሙም፣ የሚጨመረውም ነገር፣ የተለካውም የተለያየ ነው። አንዱ ሙከራ የሌላውን ጥያቄ አይመልስም፤ ለዚህ ነው እያንዳንዱ በየራሱ መሞከር ያለበት።

ሁለተኛው በ2025 የታተመ ነው። ችፌ ያለባቸው 438 ሰዎች ተከፍለው አንደኛው ወገን በየቀኑ፣ ሁለተኛው በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ገላቸውን ታጠቡ። በሕመማቸው ላይ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ በጂዛን ሙቀትና ወበቅ ላብ እያጠመቃችሁ «ችፌ አለብኝ» ብላችሁ ገላችሁን ከመታጠብ አትከልከሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላ ነገር ነው፤ ውሃው ፈልቶ እንዳይሆን፣ ሳሙናው እንዳይበረታ፣ ቆዳውም ሳይቀባ እንዳይቀር።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ለእጅ፦

ሥራ ስትጀምሩ ቀለበት አውልቁ። ጓንቲ አድርጉ፤ በዓረብኛ «ቁፋዛት» ብላችሁ ብትጠይቁ ማዳም ይገባታል። ከፕላስቲኩ ሥር ስስ የጥጥ ጓንቲ ቢኖር ላቡን ይመጥላችኋል። ጓንቲው ውስጥ ውሃ ከገባ አውልቁና አድርቁ፤ እርጥብ ጓንቲ ከባዶ እጅ ይብሳል።

ሥራ ሲያልቅ እጃችሁን ለብ ባለ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ፤ ሳሙናው በጣት መሐል እንዳይቀር። በንጹሕ ጨርቅ ሳታሹ በመጫን አድርቁ። እጃችሁ ገና እርጥበት እያለው ቫዝሊን ወይም ሽታ የሌለው ቅባት ተቀቡ። በፋርማሲ «ሙረጥብ» ብላችሁ ብትጠይቁ ይሰጧችኋል። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ደግሞ ወፈር አድርጋችሁ ተቀቡ።

ለእግር (ለራሳችሁም ሆነ አገር ቤት ላሉ ወላጆች)፦

በየቀኑ በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ ከዚያም በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፉ። የግሊሰሪኑን መጠን ከጤና ባለሙያ ጋር ተማክሮ መጠቀም ይቻላል። የጣት መሐሉን በደንብ አድርቁ። ቅባት ቀቡ። ንጹሕ ካልሲና የማይጠብ ጫማ አድርጉ። ስትቀመጡ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፤ ቁርጭምጭሚትና ጣቶቻችሁን አንቀሳቅሱ። አገር ቤት ላሉት ልጆች ደግሞ ከልጅነታቸው ጫማ ይደረግላቸው፤ ይህ ሕመም የሚጀምረው ከባዶ እግር ነውና። ገንዘብ ስትልኩ «ይህ የጫማ ነው፣ ይህ የሳሙና ነው» ብላችሁ ለይታችሁ ብትልኩ መልካም ነው።

የማይደረግ፦

ክሎሮክስ ከጠርሙሱ ቀድታችሁ ቆዳ ላይ አታፍስሱ። በአንዳንድ ሕክምና ቤት እጅግ የቀጠነ በረኪና በመዘፍዘፊያ ውሃ ላይ እንደሚጨመር ሰምታችሁ ይሆናል፤ እርሱ ግን በባለሙያ ተለክቶ ነው። በግምት የተደረገ ያቃጥላል። ስታጸዱም ክሎሮክስን ከመጸዳጃ ቤት አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ ሳንባን የሚጎዳ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል። የተሰነጠቀ እግር ይዞ ባሕር መግባትም አይመከርም። በጂዛን ተራሮች ሥር ወዳሉት ፍል ውሃዎች ለቆዳ ሕመም የሚሄድ ብዙ ሰው አለ፤ ለተቆጣ ቆዳ ግን ሙቀት ይብስበታል።

ጠበል የሚጠመቁ ወገኖቻችንም እግርን በሳሙና መታጠብና ጫማ ማድረግ ከእምነት ጋር እንደማይጋጭ ይወቁ። በጎጃም ዓለም አቀፍ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ለእነዚሁ በሽተኞች የእጥበትና የጫማ አገልግሎት ሲሰጥ ቆይቷል።

በራሳችሁ ላይ ስትሞክሩ

ሐኪሞቹ ካደረጉት አንድ ነገር ልትወስዱ ትችላላችሁ። ሳሙናውንም፣ ቅባቱንም፣ ጓንቲውንም በአንድ ቀን አትቀይሩ፤ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁትምና። አንዱን ቀይሩና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። በትንሽ ወረቀት ላይ በየማታው ምልክት አድርጉ፦ ዛሬ አሳከከኝ፣ ዛሬ አላሳከከኝም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ወረቀቱን ስታዩት እውነቱ ይታያችኋል። ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ያ ወረቀት ቋንቋ ባትችሉ እንኳ ይናገርላችኋል።

ወደ ሐኪም የሚያስሄድ

እጥበት ሁሉን አያድንም። ሌሊት የሚብስ፣ በጣት መሐል የሚያሳክክ፣ አብረዋችሁ የሚተኙትንም የያዘ ከሆነ እከክ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ መድኃኒት አለው። ክብ ሆኖ የሚሰፋ ጭርት ወይም በደረትና በጀርባ የሚወጣ ቋቁቻም እንዲሁ። መርፌ ቢወጉት የማይሰማ የደነዘዘ ቦታ ካለ ሳትዘገዩ ተመርመሩ፤ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላልና፣ እርሱም በጊዜ ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። እግር ወይም እጅ ድንገት ከቀላ፣ ከጋለ፣ ትኩሳት ከመጣ ግን በዚያው ቀን ሕክምና ያስፈልጋል። በሳዑዲ ዓረቢያ የጤና ሚኒስቴር የምክር ስልክ 937 ነው፤ ለአምቡላንስ ደግሞ 997 ይደወላል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው።

ውድ እህቶቻችን፣ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ማዳም እንዳታይ የሸፈናችሁትን እግር ቢያንስ ለአንዲት የምታምኗት እህት አሳዩ። በቀን ሩብ ሰዓት ለራሳችሁ ውሰዱ፤ ለብ ያለ ውሃ፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ ጥቂት ቅባት። ዛሬ ለውጥ ባታዩ ነገም ድገሙት። በጎጃም እግራቸውን የታጠቡት ሰዎች ውጤቱን ያገኙት በአንድ ዓመት ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።